ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ምርጫ ሳጥን፦ የፌላ ኩቲ እናት

የፌላ ኩቲን ሙዚቃ ያልሰማ ስደተኛ ጥቂት ነው። እናቱን ግን በስማቸው የምናውቃቸው ብዙዎች አይደለንም። ወይዘሮ ፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ አስተማሪ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1900 በናይጄሪያ፣ አቤኩታ ከተማ ተወለዱ። በ1919 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄደው በ1922 ሲመለሱ የፈረንጅ ስማቸውን ትተው በዮሩባ ስማቸው ብቻ መጠራት መረጡ። ባለቤታቸውም ርዕሰ መምህር፣ የናይጄሪያ መምህራን ማኅበርም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ወይዘሮዋ የተማሩ ሴቶችን ክበብ ይመሩ ነበር። ማንበብ የማይችሉ የገበያ ሴቶችን ፊደል ማስቆጠር ሲጀምሩ ግን የሕዝቡን ብሶት ከባለቤቶቹ ሰሙ። እንግሊዞች በአላኬው (በንጉሡ) በኩል ሴቱን ለብቻው ግብር ያስከፍሉታል፤ በምክር ቤቱ ግን አንዲት ሴት የለችም። ልጃገረዶች ለግብር ደርሰው እንደሆነ ለማወቅ ልብሳቸውን የሚያስወልቁ ሰብሳቢዎችም ነበሩ። ክበቡ በ1946 የአቤኩታ ሴቶች ኅብረት ሆነ። በ1947 በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። በ1948 የሴቶች ግብር ተነሣ፤ በጥር 1949 ዳግማዊ አዴሞላ ዙፋናቸውን ለቀው ወጡ። አስተማሪዋም በጊዜያዊው የአካባቢ ምክር ቤት ወንበር አገኙ። (አላኬው በ1950 መጨረሻ መመለሳቸውንም አንርሳ፤ ድል ሁሉ ሙሉ አይደለም።)

ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥ መራራ ነው። በ1951 ለምዕራብ ክልል ምክር ቤት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። በ1959ኙ የፌዴራል ምርጫ ደግሞ ለዓመታት የደከሙለት ፓርቲ፣ ኤንሲኤንሲ፣ እጩ አላደርግም አላቸው። በግል ተወዳደሩ፤ የፓርቲው ድምፅ ተከፈለ፣ ተቃራኒው አሸነፈ፣ እሳቸውም ከፓርቲው ተባረሩ። በተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ቻይናን ስለጎበኙ የራሳቸው አገር መንግሥት ፓስፖርታቸውን አላድስም ብሎ ነበር። ፓስፖርት የተከለከለ አንባቢያችን ነገሩን ያውቀዋል።

በየካቲት 1977 ወታደሮች የፌላን ግቢ ወረሩ። የ76 ዓመቷን አሮጊት ከፎቅ መስኮት ወረወሯቸው። በሚያዝያ 1978 አረፉ። አጣሪ ጉባኤው ጥፋቱን በማይታወቅ ወታደር አሳበበ። በ1979 ፌላ የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ሌጎስ ወደሚገኘው የወታደራዊ መንግሥቱ መቀመጫ፣ ዶዳን ሰፈር፣ ሄደና በሩ ላይ አስቀመጠው።