ቦትገርና የነጩ ሸክላ ሣጥን

በኩየራና በሻሸመኔ፥ በሌላውም አገር፥ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ሁለት ዓይነት ሸክላ ይገኛል። ጀበናው ከአገር ጭቃ የተሠራ፥ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ሲኒው ግን ነጭ፥ ስስና አንጸባራቂ ነው። ሲኒ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የቻይና ማለት ነው፤ ነጩን ሸክላ አስቀድመው የሠሩ ቻይናዎች ናቸውና። ፈረንጆች ፖርሰሊን ይሉታል። ከእርሱም ሲኒና ሳሕን ብቻ ሳይሆን፥ በመዳፍ የሚያዝ፥ ክዳን ያለው፥ አበባ የተሣለበት ትንሽ ሣጥን ይሠራሉ።

የኤውሮፓ ነገሥታት ይህን ዕቃ ከቻይና በመርከብ እያስመጡ በብዙ ገንዘብ ይገዙት ነበረ፤ ከምን እንደሚሠራ ግን አላወቁም። አንዳንዶቹ ከእንቍላል ቅርፊት የተሠራ ይመስላቸው ነበረ። ምሥጢሩ በኤውሮፓ የተገለጠው በዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገር እጅ ነው።

ቦትገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1682 ዓ. ም. በጀርመን አገር ሽላይትስ በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ገና ልጅ ሳለ በበርሊን ከተማ ሙያ ሊማር ወደ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ገባ። ብልህና ትጉህ ነበረ፤ ነገር ግን ከሥራው ይልቅ ምስጋናውን ይወድ ነበረ። በ1701 ዓ. ም. በሰዎች ፊት ተራውን ገንዘብ ወደ ወርቅ የለወጠ አስመስሎ አሳየ። የዚያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነበረ።

ወሬው ከከተማ ወደ ከተማ ሮጠ። የፕሩስያ ንጉሥ ሊያስይዘው ፈለገ፤ ወጣቱም ሸሽቶ ወደ ሳክሶንያ ገባ። የሳክሶንያው ገዥ አውግስጦስ ግን ወርቅን ከፕሩስያው ንጉሥ ባላነሰ ይወድ ነበረና፥ ወደ ድሬስደን አስወስዶ በጠባቂ እጅ አስቀመጠው፤ ወርቅ እንዲሠራለትም አዘዘ። ቦትገር የማይቻለውን ነገር ቃል ገብቶ ነበረ። እውነቱን ቢናገር ቅጣት ያስፈራዋል፤ ዝም ቢል የቀጠሮው ቀን ይደርሳል። በ1703 ዓ. ም. አምልጦ እስከ አውስትርያ ሄደ፤ ነገር ግን በዚያ ተይዞ ተመለሰ።

በሳክሶንያ ቺርንሃውስ የሚባል ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በትልልቅ መስተዋት የፀሐይን ሙቀት እየሰበሰበ ድንጋይና ዐፈር በማቅለጥ ብዙ ዓመት ደክሞአል። እስረኛውን ከወርቅ ምኞት ወደ ሸክላ ምርምር የመለሰው እርሱ ነው። ከእነርሱም ጋር የማዕድን ሠራተኞች ነበሩ። በድሬስደን ቅጥር አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ ሌትና ቀን እሳት ያነዱ ነበረ፤ ጢሱ ዐይን ያሳውር፥ ሙቀቱም ግንብ ያግል ነበረ። በመጀመሪያ ያገኙት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቀይ ሸክላ ነው። ንጉሡ ሊያይ በመጣ ጊዜ ቦትገር የጋለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ከእቶን አውጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣለው፥ አልተሰነጠቀምም፥ ተብሎ ይተረካል።

ነጩ ግን በትዕግሥት የተገኘ ነው። ጥር 15 ቀን 1708 ዓ. ም. የተጻፈ የቦትገር መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። በእርሱም ሰባት ፈተና በተራ ተጽፎአል። በአንደኛው ነጭ ዐፈር ብቻ ነበረ፤ በሌሎቹ አልባስጥሮስ የሚባለው ድንጋይ ተፈጭቶ አንድ እጁ ከአራት፥ ከአምስት፥ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ እጅ ዐፈር ጋር ተቀላቀለ። ከእሳቱ ሲወጡ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፈርሰው ነበረ፤ አራተኛው ቅርጹን ይዞ መልኩን አጥቶአል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ነጭ ሆነው ብርሃን አሳለፉ። በወርቁ ነገር ሰውን ያታለለው ያው እጅ በዚህ መዝገብ የፈረሰውን ፈረሰ ብሎ ጻፈ።

ቺርንሃውስ በዚያው ዓመት በጥቅምት ሞተ። ምስጋናው ሁሉ ለቦትገር ሆነ፤ ነገር ግን ያለ ሊቁ ትምህርት ይህ ነገር ባልተገኘም ነበረ። በ1710 ዓ. ም. ንጉሡ ፋብሪካ እንዲቋቋም ዐዋጅ አስነገረ፤ ሥራውም በማይሰን ከተማ፥ ከኤልበ ወንዝ በላይ ባለው ግንብ ውስጥ ተጀመረ። ነጩ ዕቃ በ1713 ዓ. ም. በላይፕሲሽ ገበያ ተሸጠ።

ሣጥን መሥራት ሳሕን ከመሥራት ይከብዳል። ነጩ ሸክላ በእሳት ውስጥ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይኰማተራልና፥ ሣጥኑና ክዳኑ እኩል ካልኰማተሩ አይገጥሙም። ሠራተኛው ሁለቱን ከአንድ ጭቃ ያበጃል፥ ያደርቃል፥ ይተኵሳል፥ ይቀባል፥ እንደ ገና ይተኵሳል፤ ሥዕሉ ከተሣለ በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ እሳት ያገባዋል። በመጨረሻ አንጥረኛ ጠርዙን በብረት ወይም በወርቅ ይከብበዋል፥ ማጠፊያም ያደርግለታል። ባላባቶች በእንዲህ ያለው ሣጥን ሱረት ይይዙበት ነበረ። ፈረንሳዮችም በ1768 ዓ. ም. በሊሞዥ አቅራቢያ ነጩን ዐፈር ካገኙ በኋላ በሣጥኖቻቸው ታወቁ።

ቦትገር በ1714 ዓ. ም. ተፈታ። ነገር ግን የእቶኑ ጢስና መጠጥ ጤናውን አጥፍተውት ነበረ፤ መጋቢት 13 ቀን 1719 ዓ. ም. በሠላሳ ሰባት ዓመቱ በድሬስደን ሞተ። በነጩ ላይ በእሳት የማይጠፋ መልካም ቀለም ለማግኘት ደክሞ አልተሳካለትም። ሄሮልት የሚባለው ሠዓሊ ወደ ማይሰን የመጣው በ1720 ዓ. ም. ነው፤ አበባና ወፍ፥ መርከብና ወደብ የተሣለባቸው ሣጥኖች የወጡትም ከዚያ በኋላ ነው።