ክሮምዌል ወይስ ዊሊያምስ?

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። አያት የሚታወሰው ፓስፖርት ሲወጣ ወይም ውርስ ሲጣራ ነው። እንግሊዞች ግን ከልጅ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አላቸው። ይሁን እንጂ ንጉሥ አስገድሎ ያለ ዘውድ አገር የገዛው ኦሊቨር ክሮምዌል፣ ዘሩ በአባት በኩል ቢቆጠር ኖሮ ዊሊያምስ ይባል ነበር።

ክሮምዌል መጀመሪያ የቦታ ስም ነው። በኖቲንግሃምሻየር የምትገኝ መንደር ስትሆን፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጠማማ ጅረት ማለት ነው። ስሙን አገር ያወቀው በቶማስ ክሮምዌል ነው። ቶማስ በለንደን አጠገብ ፑትኒ በምትባል መንደር፣ ከቢራ ጠማቂ ቤት የተወለደ ተራ ሰው ነበር። በችሎታው ግን የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዋና ሹም ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ በ1530ዎቹ የእንግሊዝን ገዳማት ያዘጋውም እሱ ነው።

የቶማስ እህት ካትሪን ያገባችው ሞርጋን ዊሊያምስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነበር። የዌልስ ሰዎች የጥንት አጠራር ከእኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ከሰውዬው ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም ይከተላል። የሞርጋንና የካትሪን ልጅ ሪቻርድ ግን የአባቱን ስም ትቶ የኃያሉን አጎቱን ስም ወሰደ። ስሙም ከፈለው። ከተዘጉት ገዳማት የራምዚና የሂንቺንብሩክ ይዞታዎች እጁ ገቡ። በ1540 አጎቱ ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ በሐምሌ ወር አንገቱ ሲቀላ፣ ሪቻርድ ርስቱንም ስሙንም እንደያዘ ተረፈ። ቤተሰቡ ግን በሕጋዊ ሰነዶች ላይ ሁለቱንም ስሞች አጣምሮ መጻፉን ለረጅም ጊዜ አልተወም።

ኦሊቨር በ1599 በሀንቲንግደን ሲወለድ የዚህ ሪቻርድ የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። አባቱ ታናሽ ልጅ በመሆኑ ከሀብቱ የደረሰው ጥቂት ነው። በ1631 ኦሊቨር አብዛኛውን ንብረቱን ሸጦ በኪራይ መሬት ላይ እስከማረስ ደርሷል። በ1642 በፓርላማውና በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ውትድርና የማያውቅ የፓርላማ አባል ነበር። በማርስተን ሙርና በኔዝቢ ጦርነቶች ግን የዘመኑ ታላቅ የጦር መሪ መሆኑን አስመሰከረ። ጥር 1649 የንጉሡን የሞት ፍርድ ከፈረሙት 59 ሰዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ጦሩ በአየርላንድ፣ በድሮኸዳና በዌክስፎርድ ከተሞች በፈጸመው ጭፍጨፋ ምክንያት ስሙ እዚያ እስከ ዛሬ በመራራነት ይነሣል።

በ1653 ሎርድ ፕሮቴክተር ተብሎ የአገሪቱ ገዢ ሆነ። በ1657 ፓርላማው ዘውድ ቢያቀርብለት አልቀበልም አለ። የሚገርመው ግን ከተሾመ በኋላ እንደ ነገሥታቱ በመጀመሪያ ስሙ ብቻ መፈረሙ ነው። አያቶቹ በብልሃት ያገኙት ክሮምዌል የሚለው ስም ከፊርማው ወጣ።

ኦሊቨር በመስከረም 1658 ሲሞት ልጁ ሪቻርድ ተተካ፤ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወረደ። በ1660 ዘውዱ ለቻርልስ 2ኛ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት፣ ንጉሡ በተገደለበት ዕለት፣ የኦሊቨር አስከሬን ከዌስትሚኒስተር አቢ ወጥቶ ተሰቀለ፤ ጭንቅላቱም በእንጨት ላይ ተሰክቶ ለሕዝብ ታየ።

ያ ባለ ርስት ያደረገ ስም አሁን ዕዳ ሆነ። ልጁ ሪቻርድ ፈረንሳይ ተሰዶ ጆን ክላርክ በሚል ስም ተደብቆ ኖረ፤ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1712 በእርጅና አረፈ። የራምዚው ዘመድ ሄንሪ ክሮምዌል ደግሞ ስሙን ወደ ዊሊያምስ መለሰ። ከ100 ዓመት በላይ በኋላ ቤተሰቡ የተወውን የዌልስ አባት ስም መልሶ አነሣ ማለት ነው።

የኦሊቨር ጭንቅላት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1960 በተማረበት በካምብሪጁ ሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ ተቀበረ። ትክክለኛው ቦታ ግን በምልክት አልተለየም። ስሙን ዓለም የሚያውቀው ሰው፣ ራሱ ስም ባልተጻፈበት አፈር ውስጥ አረፈ።