የጊሎ ወንዝ መንገደኛ፤ የኦስካር ኖይማን ታሪክ

ኦስካር ኖይማን በ1867 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዋና ሙያው የወፎች ምርምር ሲሆን፣ አራዊትንና ቢራቢሮዎችንም ይሰበስብ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ከባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር በዘይላ በኩል ወደ አገራችን ገባ። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ሁለቱ ተለያዩ፤ ኖይማንም የከፋን ደጋ አቋርጦ በ1901 ዓ.ም. ወደ ጊሎ ወንዝ ቈላ ወረደ፤ ከዚያም በሶባት በኩል ሱዳን ገባ። የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ያን ጊዜ ገና አልተቈረቈረም፤ ጣቢያው የቆመበት ውል የተፈረመው በ1902 ዓ.ም. ነውና።

ኖይማን በዚህ ጉዞ የሰበሰባቸውን የቢራቢሮ ወገኖች ዋልተር ሮትሽልድና ካርል ዮርዳን እንግሊዝ አገር፣ ትሪንግ በሚባለው ከተማ መርምረው በ1905 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን አሳተሙ። አክሬያ ኦስካሪ የምትባለው የኢትዮጵያ ቢራቢሮም ስሙን ይዛ ቀርታለች።

የዚያ ዘመን ሊቃውንት ዝምድናን የሚለዩት በክንፍ ቀለምና በአካል ቅርጽ ነበር፤ መልክ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። ዛሬ ከደረቀ የእሳት እራት አንዲት እግር ብቻ ወስዶ የሚቶኮንድሪያውን የዘር ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ሚቶኮንድሪያ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጭ ክፍል ነው፤ ጽሑፉም 37 ጂኖችና 15,000 ያህል ፊደላት አሉት። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ከመቶ ዓመት በኋላም ቍርጥራጩ ሊገኝ ይችላል። የሚወረሰው ግን ከእናት ብቻ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ከሌሎቹ ጂኖች ጋር ያስተያዩታል። ቢራቢሮ ራሷ ከእሳት እራቶች የዘር ግንድ የበቀለች አንዲት ቅርንጫፍ መሆኗ በእንዲህ ያለ ምርመራ ተረጋግጧል።

ሆኖም የተገኘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈለት ናሙና አገሩ እንደማይታወቅ እንግዳ ነው። የእነ ኖይማንን ድካም እስከ ዛሬ ያቆየው ከናሙናው ጋር የተያያዘችው ትንሽ ወረቀት ናት።

ኖይማን አይሁዳዊ ስለነበረ በናዚዎች ዘመን አገር አልባ ሆነ። በ1941 ዓ.ም. በኩባ በኩል አምልጦ ቺካጎ ገባ፤ በፊልድ ቤተ መዘክርም ሲሠራ ቆይቶ በ1946 ዓ.ም. ሞተ።

እርሱ የሰበሰበው ባሕር ማዶ ስለሚገኝ፣ የአገሩ ተማሪ የአገሩን ፍጥረት ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን በጋምቤላ ከተማ የእሳት እራቶች ዛሬም በየማታው መብራት ይከባሉ። አንዷን አድርቆ፣ ቦታዋንና ቀኗን ጽፎ በአገር ቤት የሚያስቀምጥ ወጣት፣ ገና ላልተወለደ ተመራማሪ የሚነበብ መጽሐፍ ያኖራል እንላለን።