ከሐዲድ በላይ ከተማ የሠራው መሐንዲስ፤ የዊልያም ዊልገስ ሕይወትና ሥራ

በኒው ዮርክ ከተማ ከ42ኛው መንገድ ወደ ሰሜን በፓርክ አቬኑ የሚጓዝ እንግዳ ግራና ቀኝ የተሰለፉትን ሆቴሎችና የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ሲመለከት ከእግሩ ሥር ባቡሮች እንደሚመላለሱ አይጠረጥርም። የዚህ ሰፈር ትልቁ ክፍል የቆመው በባቡር ጣቢያ ጣሪያ ላይ ነው። ስለ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ በተነሣ ቁጥር የአርክቴክቶቹና የቫንደርቢልት ቤተሰብ ስም ዘወትር ይጠቀሳል። ሐሳቡን አፍልቆ፣ ወጪና ገቢውን አስልቶ ሥራውን ያስጀመረው መሐንዲስ ግን ዝናው በአብዛኛው በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ተወስኖ ቀርቷል። ይኸውም ዊልያም ጆን ዊልገስ ነው።

ዊልገስ በ1865 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በባፋሎ ከተማ ተወለደ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ በአንድ የሲቪል መሐንዲስ ዘንድ ሁለት ዓመት በተለማማጅነት ሠራ። የንድፍ ሥራን ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ትምህርት ተከታተለ፤ ከዚህ ያለፈ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ግን አልነበረውም። በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ በባቡር መሥመር ሥራ ከቆየ በኋላ በ1893 ወደ ኒው ዮርክ ሴንትራል ኩባንያ ገባ፤ በ1899 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ዋና መሐንዲስ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የግራንድ ሴንትራል አካባቢ የከተማዋ ቁስል ነበር። ኮርኔልየስ ቫንደርቢልት በ1871 ያሠራው ጣቢያ ከጀርባው ሰፊ የሐዲድ ግቢ ስለነበረው ከ45ኛው መንገድ ወዲያ ያሉት በርካታ አቋራጭ መንገዶች ተቆርጠው ምሥራቁና ምዕራቡ በድልድይ ካልሆነ በቀር አይገናኙም ነበር። ሎኮሞቲቮቹ ጭስና ጥላሸት ይተፋሉ። ከፓርክ አቬኑ ሥር ወደ ጣቢያው የሚያስገባው ዋሻም በጭስ የታፈነ ነበር። በጃንዋሪ 8 ቀን 1902 ጠዋት አንድ ባቡር በጭስና በእንፋሎት የተጋረደውን የማቆሚያ ምልክት አልፎ ሄደና ከፊቱ ከቆመው ባቡር ጋር ተጋጭቶ 15 ሰዎች እዚያው ሞቱ። ሕዝቡ ተቆጣ። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም በ1903 ባወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 1908 ወዲህ ከሃርለም ወንዝ በስተደቡብ የእንፋሎት ባቡር ወደ ማንሐተን እንዳይገባ ከለከለ።

ዊልገስ ሕጉ እስኪወጣ አልጠበቀም። በዲሴምበር 22 ቀን 1902፣ የ37 ዓመት ሰው ሳለ፣ ለኩባንያው ፕሬዚዳንት በጻፈው ደብዳቤ ነባሩ ጣቢያ ፈርሶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐዲዱ በሁለት ፎቅ ከመሬት በታች የተደረደረ አዲስ ጣቢያ እንዲተካው ሐሳብ አቀረበ። የላይኛው ፎቅ ለረጅም ርቀት ባቡሮች፣ የታችኛው ለከተማ ዳርቻ ተመላላሾች ይሆናል። ባቡሮቹ ወደ ኋላ መመለስ ሳያስፈልጋቸው የሚዞሩበት ቀለበታዊ ሐዲድም በዕቅዱ ውስጥ ነበረ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጭሱ መውጫ ስለሚያስፈልገው የሐዲድ ግቢ የግድ ክፍት መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ይህን ግዴታ ያስቀራል። ግዴታው ከቀረ ሐዲዱን መክደን ይቻላል፤ ከተከደነ ደግሞ በክዳኑ ላይ መሥራት ይቻላል። በመሆኑም ኩባንያው ከሐዲዱ በላይ ያለውን ባዶ አየር ለሕንፃ ሠሪዎች አከራይቶ ለሥራው የሚወጣውን ገንዘብ ከኪራዩ ሊመልስ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ የአየር መብት እየተባለ በየከተማው የሚሸጠውና የሚለወጠው ነገር በዚህ ስፋት ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ሐሳብ ነው። ዊልገስ ወጪውን ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር፣ ከኪራይ የሚገኘውን ገቢ በዓመት 1.35 ሚሊዮን ዶላር ገመተ። የወጪው ግምት እጅግ ዝቅተኛ እንደነበር በኋላ ታይቷል፤ በዚህ ረገድ ከሌሎች መሐንዲሶች የተለየ አልነበረም። የሐሳቡ መሠረት ግን አልተናጋም።

በአዲስ አበባ ለገሀር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በእኛ ዘንድ አዲሱ የባቡር መሥመር ጣቢያውን ለቡ ላይ ሲያደርግ ባቡሩ ከከተማው መሐል ወጣና ነባሩ ጣቢያ ያለበት ቦታ ለሌላ ግንባታ ታጨ። ዊልገስ ባቡሩንም ቦታውንም በአንድነት ለማቆየት ነው የጣረው፤ ምክንያቱም የቦታው ዋጋ የሚመጣው ከራሱ ከባቡሩ መሆኑን ተረድቶ ነበር።

ኩባንያው ሐሳቡን ተቀብሎ በ1903 ሥራው ተጀመረ፤ ዊልገስም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስደንቀው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። ጣቢያው አንድ ቀን እንኳ ሊዘጋ ስለማይችል ግቢው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በቁራጭ በቁራጭ ተቆፈረ። አንዱ ቁራጭ ተቆፍሮ፣ ብረቱ ቆሞ፣ ሐዲዱ ተነጥፎ ባቡር ሲያልፍበት ቀጣዩ ይጀመራል። እንዲህ እየተደረገ ከ2 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ አፈርና አለት ወጣ። ወደፊት የሚሠሩትን ሕንፃዎች የሚሸከሙት ዓምዶች ከሐዲዶቹ መካከል መውረድ ስለነበረባቸው የሐዲዱ አደራደርና የሕንፃዎቹ አቀማመጥ አብረው መታሰብ ነበረባቸው።

በኤሌክትሪኩ ሥራ የቅርብ አማካሪው የታወቀው መሐንዲስ ፍራንክ ስፕራግ ነበር። ሁለቱ በአንድነት የፈለሰፉት ሦስተኛ ሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ከታች በኩል ነው። ላዩና ጎኑ የተሸፈነ በመሆኑ በረዶ አይጋግርበትም፤ ሠራተኛም በቀላሉ አይነካውም። በ660 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ይሠራል። አጎራባቹ የኒው ሄቨን ኩባንያ ለራሱ መሥመር 11,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንት ስለመረጠ ሎኮሞቲቮቹ በሁለቱም ዓይነት እንዲሠሩ ሆነው ተሠሩ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ባቡር በ1906 መገባደጃ ላይ፣ ከሕጉ ቀነ ገደብ ቀድሞ፣ ወደ ጣቢያው ገባ።

ችግሩ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነበር። አንደኛው የሥነ ሕንፃው ጉዳይ ነው። በ1903 በተደረገው ውድድር ያሸነፈው የሪድና ስቴም ድርጅት ሲሆን ቻርልስ ሪድ የዊልገስ ሚስት ወንድም ነበር፤ ይህ ለሐሜት በር መክፈቱ አልቀረም። በ1904 ግን የቫንደርቢልቶች ዘመድ የነበረው ዊትኒ ዋረን ከባልደረባው ከዌትሞር ጋር ተጨመረ። ዋረን ከጣቢያው በላይ ሊሠራ የታሰበውን ፎቅና ጣቢያውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ከንድፉ አወጣ። ዊልገስ ይህን የተቃወመው ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ሒሳቡ ነው፤ ፎቁ ሲቀር ገቢውም ይቀራል። ከብዙ ክርክር በኋላ መንገዱ ወደ ንድፉ ተመለሰ፤ መሠረቱም ወደፊት ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ ተሠራ።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1907፣ በመሥመሩ የኤሌክትሪክ አገልግሎት በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ አንድ ባቡር በውድሎን አጠገብ መታጠፊያ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ብዙ ተሳፋሪዎች ሞቱ። ሎኮሞቲቩ ነው ጥፋተኛው ወይስ ሐዲዱ የሚል ክርክር በኩባንያው ክፍሎች መካከል ተነሣ። ከዚያም እርሱ ያቀደው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳያማክሩት ተለወጠ። ዊልገስ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ፤ ዕድሜው 41 ነበር። ጣቢያው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1913 ሲከፈት የኩባንያው ሰው አልነበረም። የአርክቴክቶቹም ነገር በሰላም አላለቀም፤ ሪድ በ1911 ሲሞት ዋረን ሥራውን ለብቻው ያዘ፣ ስቴምም ከሶ ፍርድ ቤት ፈረደለት።

ከዚያ በኋላ ዊልገስ በአማካሪነት ሠራ። በዲትሮይት ወንዝ ሥር በ1910 የተከፈተው የባቡር ዋሻ፣ ቱቦው በቁራጭ ተሠርቶ ወንዙ ውስጥ እንዲሰጥም የተደረገበት፣ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ለአሜሪካ ጦር የባቡር ማጓጓዣ ኃላፊ ሆኖ በኮሎኔልነት አገለገለ። በመካከሉ የተነበየው ሰፈር በየዓመቱ ሲያድግ አየ፤ ኮሞዶር ሆቴል በ1919፣ የኒው ዮርክ ሴንትራል ኩባንያ ሕንፃ በ1929፣ ዋልዶርፍ አስቶሪያ በ1931 በሐዲዶቹ ላይ ቆሙ።

ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ የግራንድ ሴንትራልን አመጣጥ የሚተርክ ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት አሳተመ። የሥራው ባለቤት ማን እንደነበረ ለሙያ ጓደኞቹ በሒሳብና በቀን አስረዳ። በ1949 በ83 ዓመቱ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ሐሳቡ በራሱ ጣቢያ ላይ ተነሣ። የባቡር ኩባንያው ወራሽ የሆነው ፔን ሴንትራል በ1968 ከጣቢያው በላይ ከ50 ፎቅ የሚበልጥ ሕንፃ ለመሥራት ጠየቀ፤ ቀድሞ ለፎቅ የተዘጋጀውን መሠረትም በክርክሩ ጠቀሰ። ከተማዋ ጣቢያው ቅርስ ነው ብላ ከለከለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1978 ለከተማዋ ፈረደ። ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ ኩባንያው ያልተጠቀመበትን የአየር መብት በአካባቢው ወዳሉት ሌሎች ቦታዎቹ ማዛወር የሚችል መሆኑ ነበር።