ከመምህር ደመወዙ እየቆጠበ ለሰው ልጅ ሁለተኛ ቤት ያሰበው ሰው

ማርስ ላይ ከተማ እንሠራለን የሚለውን ወሬ መቼም ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የሰው ልጅ አንድ ፕላኔት ላይ ብቻ ከኖረ አንድ ትልቅ አደጋ ሁሉንም ሊጨርሰው ይችላል። ሌላ ቦታም ከሰፈረ ግን ዘሩ ይተርፋል።

ሐሳቡ የዘመናችን ቢሊየነሮች ያመጡት ይመስላል አይደል? አይደለም። ከ120 ዓመት በፊት ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሠራው ጆሮው በደንብ የማይሰማ የሩሲያ ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነው። ስሙ ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ ይባላል። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1857 ሪያዛን ግዛት ውስጥ ኢዜቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የደን ሠራተኛ ነበር፣ ቤቱ ደግሞ በልጅ የተሞላ። 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ስካርሌት ፊቨር የሚባል ትኩሳት ያዘው። ከበሽታው ቢተርፍም ጆሮው ግን አልተረፈለትም። 13 ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተች። አስተማሪ የሚናገረውን መስማት ስላቃተው ትምህርቱም ቆመ። ከዚያ በኋላ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው እያነበበ ነው።

16 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞስኮ ላከው። እዚያ ሦስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ሥነ ፈለክ ለብቻው አጠና። ከቤት የሚላክለት ገንዘብ ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ ስለሚያልቅ ምግቡ በአብዛኛው ዳቦና ውሃ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኒኮላይ ፍዮዶሮቭ መጽሐፍ እየመረጠ ይሰጠው ነበር። ሰውዬው ፈላስፋም ነው። ሳይንስ አንድ ቀን ሙታንን ያስነሳል፣ ያኔ ምድር ስለማትበቃ የሰው ልጅ ሌሎች ዓለማት ላይ መስፈር ይኖርበታል ብሎ ያምን ነበር።

ፂዮልኮቭስኪ በ1879 የመምህርነት ፈተና አለፈና ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ማስተማር ጀመረ። ቫርቫራ ሶኮሎቫን አገባ። በ1892 ወደ ካሉጋ ተዛወረና ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። የሰው ድምፅ ለመስማት ራሱ በሠራው ጥሩምባ የመሰለ ማዳመጫ ይጠቀም ነበር። ለሙከራው የሚሆነውን ገንዘብ የሚያወጣው በአብዛኛው ከራሱ ኪስ ነው። የሳይንስ አካዳሚው ለአየር ግፊት ሙከራው የሰጠው ድጋፍ 470 ሩብል ነበር።

ከዚያ 1903 መጣ። በዚህ ዓመት ሰው እንዴት በሮኬት ወደ ጠፈር ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፉን በአንድ የሳይንስ መጽሔት አወጣ። ዓመቱን ልብ በሉ። የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ለ12 ሰከንድ የበረረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የፂዮልኮቭስኪን ጽሑፍ ግን ያነበበው ሰው ጥቂት ነበር።

በጽሑፉ ውስጥ ያለው ቀመር ዛሬም የሮኬት መሐንዲሶች የሚጀምሩበት ነው። በቀላሉ እንየው። ሮኬት ወደ ፊት የሚሄደው ጋዝ ወደ ኋላ እየተፋ ነው። ከሚተፋው ጋዝ ፍጥነት ጋር እኩል ለመሮጥ ከፈለገ፣ ሲነሳ ነዳጁን ጨምሮ ያለው ክብደት ነዳጁ ሲያልቅ ከሚቀረው 2.7 እጥፍ መሆን አለበት። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ 7.4 እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ለማድረግ ደግሞ 20 እጥፍ ያስፈልገዋል። ማለትም ትንሽ ፍጥነት ለመጨመር የነዳጁ ክምር ተራራ ያክላል። ለዚህ መፍትሔ ብሎ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክስጅንን መረጠ። በ1929 ደግሞ ነዳጁ ያለቀበትን ክፍል እየጣለ የሚወጣ ባለ ብዙ ክፍል ሮኬት አሰበ። የዛሬ ሮኬቶች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ሮኬቱ ግን ለእሱ መሄጃ ብቻ ነበር። ዋናው ሐሳቡ እዚያ መኖር ነው። ፀሐይ ከምትረጨው ብርሃን ምድር የምታገኘው ከ2 ቢሊዮን አንድ እጅ ያህሉን ነው፤ ቀሪው ባዶ ጠፈር ውስጥ ያልፋል። ታዲያ ሰው ለምን እዚያው ሄዶ አይጠቀምበትም አለ። ነዋሪው እንዳይንሳፈፍ እየተሽከረከረ የክብደት ስሜት የሚፈጥር ቤት፣ ውስጡ አየር የሚያጠሩና ምግብ የሚሆኑ ተክሎች የሚበቅሉበት የመስታወት ቤት አሰበ። በ1926 ይህን ሁሉ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠው። በክንፍ ከሚበር ሮኬት ይጀምርና ምድርን የሚዞሩ ሰፈሮች፣ ቀጥሎ አስትሮይዶች ላይ መስፈር እያለ ይሄዳል። በመጨረሻ ፀሐይ ስትዳከም የሰው ዘር ወደ ሌሎች ፀሐዮች ይሰደዳል። ሰውዬው የሚያስበው ለልጅ ልጁ ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ከሞተች በኋላ ለሚመጣው ሰው ነበር።

ታዲያ የራሱ ቤትስ? እዚህ ጋ ታሪኩ ይከብዳል። ልጁ ኢግናቲ ተማሪ ሳለ በ1902 ሕይወቱን በራሱ አጠፋ። የሮኬቱ ጽሑፍ የወጣው በዓመቱ ነው። በ1923 ደግሞ ሌላው ልጁ አሌክሳንደር በተመሳሳይ መንገድ ሞተ። በ1908 የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸው ሲገባ ብዙ ወረቀቱ ተበላሸ። ድህነቱንም ልጅ ማሳደጉንም ችላ ያለፈችው ቫርቫራ ናት። ሴት ልጁ ሉቦቭ ደግሞ በሥራው ስታግዘው ኖራለች። የእነሱን ስም ግን ማንም አያነሳም።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ፂዮልኮቭስኪ ወደፊት መውለድ ያለባቸው የተመረጡ ሰዎች ናቸው፣ ጉድለት አለበት የሚባል ሰው ዘር መተካት የለበትም የሚል እምነት ነበረው። የሚገርመው ግን ሐሳቡ በ1857 ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ ድሃና መስማት የተሳነውን ልጅ ከተመረጡት መሐል ማን ይቆጥረው ነበር? የሰውን ዘር ማዳን የሚለው ትልቅ ሐሳብ ማን ሰው ይባላል ወደሚለው ጥያቄ መዞሩ አይቀርም። ይኼ ጥያቄ ደግሞ በሒሳብ ቀመር አይፈታም።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1919 የደህንነት ፖሊሶች ሞስኮ ወስደው ለአጭር ጊዜ አሰሩት። በ1921 ግን ያው መንግሥት የዕድሜ ልክ ጡረታ ቆረጠለት። መስከረም 19 ቀን 1935 ካሉጋ ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ። አንድም ሮኬት ወደ ጠፈር ሲወጣ አላየም።

በ100ኛ ዓመት ልደቱ በ17ኛው ቀን፣ ጥቅምት 4 ቀን 1957፣ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ወጣች። በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ከጠፈር በተመለሰ በሁለተኛው ወር ካሉጋ ሄዶ በስሙ ለሚሠራው ሙዚየም የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ሰላጣ ሳይቀር በቅሎበታል።

ግን ጣቢያው ከምድር ስንቅ ካልተላከለት ብዙ አይቆይም። ምድር ብትጠፋ ራሱን ችሎ የሚተርፍ ሰፈር ዛሬም የለም። ስለዚህ የሰው ልጅ መጠባበቂያ የሚባለው ነገር ካሉጋ ላይ እንደነበረው አሁንም ወረቀት ላይ ነው። እስኪሠራ ድረስ ያለችን ይቺው አንዷ ቤት ናት።

እናንተስ? ያ ሁለተኛ ቤት አንድ ቀን ቢሠራ፣ ማን ይግባ የሚለውን ማን መወሰን ያለበት ይመስላችኋል?