የ«ሼን»ው አለን ላድ

የካውቦይ ፊልም አክተር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቁመቱ የረዘመ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሽጉጥ ለመምዘዝ የሚቸኩል ሰው ነው። አለን ላድ እንዲህ አልነበረም። በ1953 የወጣውን «ሼን»ን ካየሁ በኋላ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩና ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ላድ በ1913 በአርካንሶ፣ ሆት ስፕሪንግስ ተወለደ። አባቱን ያጣው በአራት ዓመቱ ነው። እንግሊዝ የተወለደችው እናቱ እየተቸገረች ካሊፎርኒያ ወስዳ አሳደገችው። ትንሽ ልጅ ስለነበር «ታይኒ» አሉት፤ በእኛ ድንክዬ እንደማለት። በኋላ የከፈታትን ሃምበርገር ቤት በዚሁ ቅጽል ስም ጠራት። በፊልም ስቱዲዮም የጉልበት ሥራ ሠርቷል። በ1937 እናቱ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ይህ ሐዘን ዕድሜ ልኩን የተወው አይመስለኝም።

በ1942 ወኪሉን ሱ ካሮልን አገባ፤ በዚያው ዓመት ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ በሠራበት ፊልም ስሙ ገነነ። ቁመቱ ግን መቀለጃ መሆኑ አልቀረም። ከሶፊያ ሎሬን ጋር ሲሠራ እሷ ዝቅ ብላ እንድትራመድ መሬት ተቆፍሮ ነበር!

ወደ «ሼን» ልመለስ። ፊልሙ የተቀረጸው በ1951 በዋዮሚንግ፣ በቲተን ተራሮች ሥር ነው። ሼን ሽጉጡን አስቀምጦ ከአንድ ገበሬ ቤት ተቀጥሮ ግንድ የሚፈልጥ፣ አጥር የሚያጥር ሰው ነው። የከብት ባለሀብቱ ገበሬዎቹን ከመሬታቸው ሊነቅል ሲነሳ ግን ያንኑ የጠላውን ሽጉጥ መልሶ ይታጠቃል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ስቲቨንስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ የዳኻውን እስር ቤት ጉድ በካሜራ ያነሳ ነው። ስለዚህ ጥይት ጨዋታ እንዲመስል አልፈለገም። ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፤ የተመታው ሰው በገመድ ወደ ኋላ ተስቦ ጭቃ ላይ ይወድቃል። በልጅነታችን ጣታችንን ሽጉጥ አድርገን የተጫወትን ሁሉ ያቺን ትዕይንት ብናያት ደግ ነው።

ላድ ሽጉጡን ሲታጠቅ ፊቱ ላይ ጀግንነት አይታይም፤ ድካም እንጂ። ትወና ብቻ ነው ብሎ ማመን ይቸግረኛል። ፊልሙ ለስድስት ኦስካር ሲታጭ፣ ከተዋንያኑ ጃክ ፓላንስና ሕፃኑ ብራንደን ደዋይልድ ታጩ። ላድ አልታጨም። ለእኔ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ፊልም አላገኘም፤ መጠጡም በረታ። በ1962 ቤቱ ውስጥ በገዛ ሽጉጡ ደረቱ ላይ ቆስሎ ተገኘ፤ አደጋ ነው ተባለ። በጥር 1964 ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ በ50 ዓመቱ አረፈ። የሞቱ ምክንያት የመጠጥና የማረጋጊያ መድኃኒት መደራረብ ነበር፤ ይህም አደጋ ተብሎ ተመዘገበ።

ስሙን የወረሰው ልጁ አለን ላድ ጁኒየር ፊልም መሥራቱን ሳይሆን ማሠራቱን መረጠ። ሌሎች ስቱዲዮዎች ፊት የነሱትን «ስታር ዋርስ»ን ተቀብሎ ያሠራው እሱ ነው።