የኢትዮጵያን ሠንጋ ዓይቶ የሣለው ሄንሪ ሶልት

በደቡብ ጎንደር ዞን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳና በአቅራቢያው የምትገኘው የይፋግ ከተማ በከብት ሀብታቸው ይታወቃሉ። ይፋግ ወደ ጎንደር በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ በመሆኗ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ገበያና የቀረጥ መቀበያ ነበረች። በአካባቢው የሚረባው የፎገራ ከብት በእንስሳት ባለሙያዎች ዘንድ ሳንጋና ዜቡ በሚባሉት የከብት ወገኖች መካከል የሚመደብ ነው።

“ሳንጋ” የሚለው ሳይንሳዊ መጠሪያ በእኛ ገበያ “ሠንጋ” የሚባለው ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ የሚገኙ በርካታ የከብት ዝርያዎች የጋራ ስም ሆኗል። ይህን ስም በዓይን ታይቶ ከተሣለ ሥዕል ጋር ለአውሮፓ አንባቢ ካደረሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሠዓሊ፣ ተጓዥና ዲፕሎማት ሄንሪ ሶልት ነው።

ሶልት እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከተማ ከሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። በለንደን ጆሴፍ ፋሪንግተንና ጆን ሆፕነር ከተባሉ ሠዓልያን ዘንድ ሥዕል ቢማርም፣ የሰው መልክ በመሣል ሊተዳደር ያደረገው ሙከራ እምብዛም አልሠመረለትም። ዕድሉ የተቃናው እ.ኤ.አ. በ1802 ጆርጅ አነስሊ የተባለ መኳንንት፣ በማዕረግ ስሙ ሎርድ ቫለንሺያ፣ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ጸሐፊና ሠዓሊ አድርጎ በወሰደው ጊዜ ነው። ህንድንና ሲሎንን ተመልክተው ወደ ቀይ ባሕር ከዘለቁ በኋላ ሶልት በ1805 ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ትግራይ ወጣ። በሕንጣሎም ራስ ወልደ ሥላሴ ተቀበሉት። በዚያው ጉዞው አክሱምን ጎብኝቶ ሐውልቱን ሣለ፤ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍም ገልብጦ ለዓለም አሳወቀ።

በዚያን ዘመን አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው በአብዛኛው ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጻሕፍት ነበር። ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገሪቱ ቆይቶ፣ በ1770 በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በእንፍራንዝ በኩል አልፏል። የጉዞ ታሪኩንም በ1790 በአምስት ቅጽ አሳትሟል። በዚሁ ሥራው ለጠጅና ለሌላ መጠጥ ማኖሪያ የሚያገለግሉትን እጅግ ግዙፍ የከብት ቀንዶች ሲያነሣ፣ ግዝፈቱ ከበሽታ የመጣ ነው ሲል ጻፈ። አንባቢም በሬውን ያየ ስላልነበረ ቃሉን ተቀበለ።

ሶልት ግን ቀንዱን ብቻ ዓይቶ መመለስ አልፈለገም። በእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ በ1810 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ በመጣበት ወቅት እንስሳውን በሕይወት ለማየት ያለውን ፍላጎት የሰሙት ራስ ወልደ ሥላሴ ሦስት ሠንጋዎች በስጦታ ሰጡት። በሬዎቹ ፍጹም ጤነኞች ነበሩ። የበሽታው ነገር በዚሁ አከተመ።

ይህን ያህል ቀንድ የተሸከመ እንስሳ ከሌላው በሬ በአካሉም የላቀ ይሆናል ብሎ መገመት ለማንም ቀላል ነው። ሠዓሊ ከሆነ ደግሞ ሳይታወቀው አካሉን ከቀንዱ ጋር አመጣጥኖ ሊያገዝፈው ይችላል። ሶልት ግን ባያቸው ሠንጋዎች ሁሉ ሰውነታቸው ከሌሎች ከብቶች እንደማይበልጥ አስተውሎ መዘገበ። ካጋጠሙት ቀንዶች ትልቁን ሲለካም ርዝመቱ ወደ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ በግርጌው በኩል ያለው ዙሪያ ደግሞ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ አገኘው። በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው የሠንጋ ምስልም እንስሳው እየታየ ከተነሣ ንድፍ የተቀረጸ ነው። ፎቶግራፍ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ቀራጮች ዓይተው የማያውቁትን የሩቅ አገር እንስሳ በወሬ ብቻ መሣላቸው የተለመደ በመሆኑ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

የሦስቱ በሬዎች ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነው። እጅግ የዱር ጠባይ ስለነበራቸው ሊያዙ ባለመቻላቸው በጥይት እንዲገደሉ ተደረገ። የአንደኛው ቀንድ በለንደን ለቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሙዚየም ተሰጠ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ጥንድ ቀንድም የሎርድ ቫለንሺያ ስብስብ ውስጥ ገባ።

እርግጥ ሶልትና ጌታው ቫለንሺያ የብሩስን ስሕተት ለመልቀም ከመጠን በላይ ይጓጉ እንደነበር አይካድም። ኋላ የመጡ ተጓዦች ብሩስ የጻፋቸውን ብዙ ነገሮች እውነት ሆነው አግኝተዋቸዋል። ለብሩስ ብዙ ሥዕል የሠራለትና በጎንደር የሞተው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒም ብርቱ ተመልካች ነበር። በሠንጋው ጉዳይ ግን ትክክለኛው ሶልት ነው።

ሶልት የያዘውን የእንግሊዝ ንጉሥ ደብዳቤና ስጦታ ለአፄ ጓሉ በጎንደር ለማድረስ አስቦ የነበረ ቢሆንም፣ የዘመነ መሳፍንት ሁከት መንገዱን ስለዘጋበት ዕቃውን ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረክቦ ተመለሰ። ከስጦታዎቹ መካከል የእመቤታችን ሥዕልና የእብነ በረድ ጠረጴዛ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። በዚህም ምክንያት የይፋግንና የፎገራን ከብት ሳያይ ቀረ። ምናልባት በዚያ ቢያልፍ ኖሮ፣ በእርጥቡ ሜዳ የሚግጡት ከብቶች ቀንዳቸው አጭር ሆኖ ሲያገኛቸው ሌላ ንድፍ ባነሣ ነበር።

በ1815 በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስላ ጄኔራል ሆኖ ከተሾመ በኋላ የሶልት ትኩረት ከእንስሳት ወደ ድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ ዞረ። ከቡርክሃርት ጋር ወጪውን ሸፍኖ በቤልዞኒ አማካይነት ከቴብስ ያስነሣው ከ7 ቶን በላይ የሚመዝን የዳግማዊ ራምሴስ ግዙፍ ሐውልት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ለመጀመሪያው ስብስቡ የከፈለው 2,000 ፓውንድ ካወጣው ወጪ ያነሰ በመሆኑ ግን ቅሬታው የመረረ ነበር። ሁለተኛውን ስብስብ በ1826 የፈረንሳይ ንጉሥ ለሉቭር ገዙት። ይህ የቅርስ ማጋዝ ሥራ ዛሬ በግብፅም ሆነ በሌላው ዓለም በበጎ የሚታይ አይደለም።

ሶልት ጥቅምት 30 ቀን 1827 እ.ኤ.አ. በግብፅ አረፈ። በትግራይ ጉዞው ምክንያት በስሙ የተሰየመችው ትንሿ ሚዳቋ መሰል እንስሳ፣ የሶልት እንሹ፣ በአፍሪካ ቀንድ ቆላማ ቦታዎች እስከ ዛሬ ትገኛለች።